የጥጥ መዳመጫው ቤታችን

ጋምቤላ፣ ኒውላንድ የሚባለው ሰፈር የተከራየነው ቤት ሁለት ክፍል ነበር። በአንዱ እንተኛለን፣ በሌላው እስላለሁ፤ ወጥ የሚሠራው በረንዳ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ሥዕል ትልቅ ካልሆነ አይሆንልኝም። አንድ ጊዜ ባሮ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎችን በግድግዳው ልክ ስዬ ጨረስኩና በበሩ አልወጣ አለ። ባለቤቴ ነርስ ነው፤ ከሥራ ሲመለስ ሸራውን ከእንጨቱ ላይ ሚስማር በሚስማር ስነቅል አገኘኝ።

"ወይ ሥዕልሽን አሳንሺ፣ ወይ ቤት እንፈልግ" አለኝ።

ቤት ፈለግን።

ያገኘነው ከተማው ጫፍ ላይ ያለ የድሮ የጥጥ መዳመጫ ነው። ማሽኖቹ ተነቅለው ከተወሰዱ ቆይተዋል። የቀረው ረጅም ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያና ማገሩ ላይ የተጣበቀ የጥጥ ብናኝ ነበር። የሌሊት ወፎችም ነበሩ። ባለንብረቱ ቁልፉን ሲሰጠን "የእውነት ልትኖሩበት ነው?" እያለ ደጋግሞ ጠየቀን።

ባለቤቴ አፍንጫውን በማስክ ሸፍኖ የወፎቹን ኩስ በአካፋ ዛቀ። እኔ ግድግዳውን ኖራ ቀባሁ። በሰሜን በኩል ሰፊ መስኮት አስከፈትን። ለመኝታ ደግሞ ከጣሪያው ሥር የእንጨት ቆጥ አሠራሁ፤ መጽሔት ላይ አይቼው በጣም ያምር ነበር። የጋምቤላ መጋቢት ቆርቆሮ ሥር ምን እንደሚመስል እያወቅኩ እንዴት እንደረሳሁት እንጃ። ባለቤቴ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሊሞክረው ወጣና ወዲያው ቲሸርቱን በእጁ ይዞ ወረደ።

"እላይ ዳቦ መጋገር ይቻላል" አለ።

አልጋው ታች እንዲሆን ተወሰነ። ቆጡ የሻንጣ ማስቀመጫ ሆነ።

እስከዚያ ድረስ የምንገባው በጎን ባለች ትንሽ በር ነበር። ትልቁ የብረት በር የሚከፈተው ወደ ውጭ፣ ድሮ መኪና ጥጥ ያራግፍበት ወደነበረው የኮንክሪት መድረክ ነው። ሐምሌ ላይ ዕቃችንን ጭነን ስንመጣ መድረኩ ከዳር እስከ ዳር በቆሎ ተሰጥቶበታል። ሴቶች ያገላብጡታል።

"እናቴ፣ በሩን ልንከፍት ነበር፤ ይህን ብታነሱልን?" አልኳቸው በዕድሜ ትልቋን።

አኝዋክ ናቸው። አማርኛቸው ፈጣን ነው፤ እኔን "አንተ"፣ ባለቤቴን "አንቺ" ይላሉ። አሁንማ ለምደነዋል።

"አንተ ልትከፍት ነው?" አሉኝ። "መዳመጫ ከተዘጋ ጀምሮ እኛ እዚህ እናሰጣለን። ሌላ ቦታ ጭቃ ነው። ፍየል አለ።"

ዙሪያውን አየሁ። እውነታቸውን ነው፤ ከመድረኩ በቀር ደረቅ ቦታ የለም።

"ባለንብረቱን ልጥራው?" አለኝ ባለቤቴ በጆሮዬ።

እሱ ቢመጣ እንደሚያስነሳቸው እናውቃለን። ግን እንዲህ ጀምሮ ከሰው ጋር እንዴት ጎረቤት ይኮናል? በያጅ ጠራን። በሩን ነቅሎ፣ በቆሎውን እንዳይነካ በግድግዳው የውስጥ በኩል እንዲንሸራተት አድርጎ ሰቀለው። እስኪጨርስ አልጋችን ሜዳ ላይ ቆመ። እናትየው ሲያገላብጡ ቆይተው ከቤታቸው የተጠበሰ ዓሣ አመጡልን፤ አልጋው ላይ ተቀምጠን በላን።

ከገባን ብዙም ሳንቆይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ድንገት ወረደ። እጄ በቀለም ተለውሶ ሳለ በሩ ተንሸራተተና ሴቶቹ በቆሎውን በማዳበሪያና በነጠላቸው ተሸክመው ገቡ።

"ሸራ ስጠኝ! ሸራ!" ይላሉ እናትየው።

ያለኝ ሸራ የሥዕል ነው፤ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ጥቅል። ማስረዳት ጀምሬ ነበር፣ ዝናቡ ግን ጊዜ አልሰጠኝም። ጥቅሉን አቀበልኳቸውና ውጭ የቀረውን በቆሎ ሸፈኑበት።

ከዚያ ሁላችንም ዝናቡ እስኪያባራ ቆምን። ሴቶቹ ሥዕሎቹን እያዩ ይሳሳቃሉ። እናትየው ግን ወደ ክፍሉ መሐል ሄዱ።

"እኔ እዚህ ቆሜያለሁ" አሉ። "ልጃገረድ ሳለሁ። ማሽን እዚህ ነው። ጥጥ ከዚህ አነሳለሁ፣ እዚያ እከታለሁ። ፍሬው ታች ይወድቃል።"

እጃቸው ከወለሉ ወደ አየሩ ይመላለሳል። የማሽኑን ድምፅ በአፋቸው ሲያሰሙን ከሴቶቹ አንዷ፣ ምራታቸው፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እዚህ መሥራታቸውን እሷም አልሰማችም ነበር። እኔ የመሳያ ከሰሌን አንስቼ ወረቀት ላይ መጫር ጀመርኩ።

ሸራው ሲደርቅ የበቆሎ እድፍ ቀርቶበት ነበር። እዚያው ላይ ሳልኳቸው፤ ወጣት አድርጌ፣ ጥጥ በሁለት ክንዳቸው ታቅፈው። ሲያልቅ ጠራኋቸው። ቀረብ ብለው አዩት።

"ክንዱ ቀጭን ነው" አሉ። "ያኔ እኔ ጠንካራ ነበርኩ። አወፍረው።"

አወፈርኩት። በማግስቱ መጥተው አዩ።

"ጨምር።"

ጨመርኩ። በእሺታ ራሳቸውን ነቅንቀው በቆሏቸውን ሊያገላብጡ ወጡ። ሥዕሉ አሁንም ግድግዳው ላይ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ቤቱን የሚያስጎበኙት እሳቸው ናቸው፣ እኔ ቆሜ እሰማለሁ።