ለፈተና የቀረበው ልብ

የክሊኒካችን ነርስ የትናየት ገዱ የልብ ምት ባለሙያ ልትሆን ስትማር በደባርቅ ደረቱ ያልተጎበኘ ሰው አልቀረም ማለት ይቻላል። እኔ ጤናዬ የክሊኒኩ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ሻይ ልጠጣ ስወጣ እየያዘች አስተኝታ ሽቦ ስትለጥፍብኝ ከርማለች። ዘበኛው ተለጥፎበታል። ፍራሽ ሊሸጥ የመጣ ነጋዴ ሳይቀር ተለጥፎበት፣ ፍራሹን ሳይሸጥ የልቡን ደህንነት ብቻ ሰምቶ ሄዷል። አንድ ደረት ግን እምቢ አላት፤ የአባቷ።

ጋሽ ገዱ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ተራራው ላይ ጨነቅ በሚባል ቦታ የብሔራዊ ፓርኩ ስካውት፣ የዱር አራዊት ጠባቂ፣ ሆነው ነው። ጡረታ ከወጡም በኋላ ቡይት ራስ ድረስ በእግራቸው ወጥተው ሲመለሱ አያለከልኩም፤ ይህንንም ለሰው ሳይነግሩ አይውሉም። ወጣት ፈረንጅ በበቅሎ ሲያልፍ ካዩ መንገድ ዳር ቆመው "አይ ጉልበት!" ይሉታል፤ እሱም ሰላምታ መስሎት አመስግኗቸው ያልፋል። ልጃቸው "እስቲ ደረትዎን ይስጡኝና ልለማመድበት" ብትላቸው፣ "የታመመ ፈልጊ! የኔ ልብ ምን ሁኖ ነው ሽቦ የምትተክይበት?" አሉና ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡት። ባለፈው ክረምት ቁልቁለት ላይ ከበቅሏቸው ወድቀው ክንዳቸው ተልጦ ነበር፤ ጥፋተኛዋ በቅሎዋ ናት ተብላ ተሸጠች። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው፤ የከተማውን ልብ ሁሉ ያየች ልጅ የገዛ አባቷን ልብ አላየችም።

ትምህርቱ የሚሰጠው ጎንደር ነው፤ ልምምዱ እኛ ዘንድ። ምስክር ወረቀት የሚያሰጠው የመጨረሻው ፈተና ደግሞ ሆልተር በሚባል፣ በመዳፍ በሚያዝ መቅረጫ ነው። አምስቱ ሽቦዎቹ በተለጣፊ ደረት ላይ ይያያዙና ሰውየው እንደ ልማዱ ውሎ ያድራል፤ መቅረጫው እያንዳንዱን የልብ ምት ይይዛል። በማግሥቱ ተፈታኟ ቅጂውን ኮምፒውተር ላይ ከፍታ ለፈታኙ ታነባለች። አንድ ሰው፣ አንድ ሙሉ ቀን፣ ሳይቋረጥ። ይህ ካልተሟላ ፈተናው ለከርሞ ነው። ክሊኒኩ ደግሞ ከርሞን አይጠብቅም፤ ምስክር ወረቀት ያለው ሰው ከጎንደር ሊያስመጣ ቆርጧል። የትናየት ለዚህ ሥራ ስትል ሠርጓን እንኳ አስተላልፋለች።

ለፈተናው የመረጠቻቸው የኔታ መልከ ጼዴቅን ነው። የኔታ ቄስም የድጓ መምህርም ናቸው፤ ለእነ ጋሽ ገዱ ቤት ጎረቤትም የነፍስ አባትም። ማኅሌት ሲቆሙ ዓይኔን ጭልም ያደርገኛል ብለው ክሊኒክ መጥተው ነበር።

"ማተቤን አትነኪብኝም?" አሏት ደረታቸውን ስትላጭ።

"አልነካም፣ የኔታ። ነጩ ሽቦ በቀኝ ትከሻዎ ሥር፣ ጥቁሩ በግራ፣ ቡናማው መሐል፣ ቀዩ ከታች በግራ፣ አረንጓዴው ከታች በቀኝ። ተለጣፊው ከተላቀቀብዎ ደግሞ መለወጫው ይኸው።"

ድጓን የሚያህል መጽሐፍ በቃሉ የያዘ ሰው አምስት ሽቦ አያቅተውም። የኔታ ከአልጋው ሳይነሡ "ነጩ በቀኝ፣ ጥቁሩ በግራ" እያሉ በዜማ ሲያንጎራጉሩ ሰማሁና ሣቅሁ። የትናየት አልሣቀችም፤ ከጭንቀት ብዛት ፊቷ ቀልቷል።

ከዚያ የሆነውን ኋላ ከራሳቸው አፍ ነው የሰማነው። የኔታ ቤታቸው ገብተው ሲያስቡ ነገሩ ከነከናቸው። አመሻሹ ላይ ሽቦውን በነጠላ ሸፍነው ወደ ጋሽ ገዱ ግቢ ዘለቁ።

"ገዱ፣ ልጅህ በኔ ልብ ልትፈተን ነው። የኔ ልብ ደግሞ ያረጀ፣ የደከመ ነው። ለመሆኑ አንተ ለቅዳሴ መገበሪያ ስትሰጥ ነቀዝ የበላው ስንዴ ትሰጣለህ?"

"ኧረ ምን ቆርጦኝ፣ የኔታ!"

"እኮ! ተለቅሞ፣ ተበጥሮ፣ ከጎተራው ምርጡ ነው የሚሰጠው።"

ጋሽ ገዱ ወዲያው ገባቸው። የሚፈተነው የልጅቷ እጅና ዓይን ነው የሚለው ለሁለቱም አልታያቸውም። የቀረበው ልብ ብርቱ ከሆነ ውጤቷ ያምራል፣ ደካማ ከሆነ ትወድቃለች፤ በቃ። ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ብርቱው ልብ የማን ነው ተብሎ አልተጠየቀም። ጋሽ ገዱ ምላጭ ይዘው ጓዳ ገቡ። ባለቤታቸው ሸጊቱ ድንገት ብትገባ ባሏ መስተዋት ፊት ቆመው ደረታቸውን ይላጫሉ።

"በስተርጅና ደግሞ ምን ታየህ?" አለቻቸው።

"የልጅሽ ፈተና ነው፣ ዝም በይ!" አሏት።

የኔታ ዜማቸውን እያዜሙ አምስቱን ሽቦ ከራሳቸው ደረት ወደ ገዱ ደረት አዛወሩ፤ አንዱንም አልሳቱም። ጋሽ ገዱ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ሳይላወሱ ተኝተው አደሩ። ሲነጋ ሽቦው ወደ የኔታ ደረት ተመለሰና ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያይዘው ክሊኒክ መጡ። ጋሽ ገዱ "የኔታን ላጅብ ብዬ ነው" አሉኝ። ከመስኮቴ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ደረታቸውን እያከኩ፣ "ጤናዬ፣ ውጤቱ በስንት ሰዓት ነው የሚነገር?" እያሉ አላሠራ አሉኝ።

የየኔታን ካርድ ይዤ ስገባ የትናየት ከኮምፒውተሩ ፊት ደርቃ ቀርታለች።

"እዪ፣ እዚህ ላይ ተቋርጧል" አለችኝ። "ከዚህ በፊት ያለው የየኔታ ነው፤ አዝጋሚ ቢሆንም ደህና ነው። ከዚህ ወዲያ ግን ሌላ ልብ ነው። ሰውየው ሲተኛ ይቆማል።"

"ምን ማለት ነው ይቆማል?"

"ተመልከቺ።"

ልቡ ሲመታ ሲመታ ቆየና መስመሩ ቀጥ ብሎ ሄደ። መስመሩ እንደገና እስኪነሣ ድረስ ከዘመዶቼ መካከል እንዲህ ያለ ልብ ያለው ማን ይሆን እያልሁ ነበር። ብዙ ቦታ ላይ እንዲሁ ይቆማል።

የኔታን አስገብታ "ማታ ይህን ያሠረው ማን ነው?" አለቻቸው።

የኔታ ቀና አሉና "የነፍስ ልጄን ምሥጢር አላወጣም" አሉ።

እንዲህ ያለ ቄስ ግማሹን ምሥጢር አውጥቶታል። ግማሹን ደግሞ እኔ አወጣሁት። "የትናዬ፣ አባትሽ እኮ ከመጡ ጀምረው ደረታቸውን ያካሉ" አልኋት።

ኮሪደሩ ላይ ወጥታ የአባቷን ኮሌታ ከፈተች። አምስት ቦታ ላይ ተላጭቶ፣ አንደኛው ተቆርጦ ደም ረግቶበታል።

"አባባ!"

"ምነው? አላማረም?"

"ልብዎ እኮ ይቆማል!"

"አይቆምም! ማረፉ ነው። ቀን ሲለፋ የዋለ ልብ ማታ ቢያርፍ ምን ይገርማል?"

"ያን ጊዜ ሲወድቁስ? በእውነት በቅሎዋ ናት የጣለችዎ?"

ጋሽ ገዱ ወደ ግድግዳው ዞሩ። "በቅሎዋማ ቆማ ነበር" አሉ።

ወዲያው የፈታኙ መኪና ግቢ ገባ። ጋሽ ገዱ የልጃቸውን ክንድ ጨብጠው "ለሱ እንዳትነግሪ! የየኔታ ነው በይውና እለፊ። እኔ ነገ ከነገ ወዲያ ጎንደር ሂጄ እታይልሻለሁ፤ በማርያም!" አሏት። የኔታ መሬት መሬት አዩ። እውነቱን ለመናገር እኔም እሺ በያቸው ብዬ በልቤ ለመንኋት። ምን ይጎዳል? እሷም ታልፋለች፣ ሰውየውም ይታከማል ብዬ ነበር።

ፈታኙ አቶ ፀጋው ቁጥብ ሰው ነው፤ ምስጋና ከአፉ እንደ ጥርስ ተነቅሎ ነው የሚወጣው። የኔታን አጠገቧ አስቀምጦ "አንብቢ" አላት። አነበበች። ቅጂው የተቋረጠባትን ጥቂት ደቂቃ ፈታኙ ተለጣፊ የተላቀቀ መስሎት ተዋት። ልቡ የሚቆምባቸውን ቦታዎች አንድም ሳታስቀር አሳየችው፤ ሰውየው ሕክምና ሳያገኝ ቢቆይ ምን ሊመጣ እንደሚችልም ነገረችው።

"ይህችን የመጀመሪያዋን እኔ ራሴ ሳላያት አልፌያት ነበር" አለና እስክሪብቶውን አወጣ። "ጎበዝ ነሽ። እርስዎም አባ፣ አይደንግጡ፤ ዛሬውኑ ጎንደር እንልክዎታለን።"

ጋሽ ገዱ በሩ ላይ ቆመው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ልጃቸውን ይጠቅሷታል። ለዕድሜያቸው ጥቅሻቸው በደንብ ይታያል።

የትናየት አየቻቸው። "አቶ ፀጋው፣ አይፈርሙ" አለች። "የቆመው ልብ የሳቸው አይደለም። የአባቴ ነው። እዚያ በሩ ላይ የሚጠቅሱት ናቸው።"

አቶ ፀጋው ዞሮ አየ። ጋሽ ገዱ ጣታቸውን ከከንፈራቸው አውርደው የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው።

"ቅጂው የሁለት ሰው ከሆነ ፈተናው እንደማይያዝልሽ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ። ግን የአባቴ በሽታ በየኔታ ስም ተጽፎ አይሄድም። ደግሞ አባቴ ነገ ከነገ ወዲያ ጎንደር እሄዳለሁ ይላሉ። እኔ አባቴን አውቃቸዋለሁ፤ አይሄዱም" አለችና ያን ጊዜ አለቀሰች።

"አንቺ ልጅ፣ አንዴ እንኳ መዋሸት አቃተሽ?" ብለው ጮኹ ጋሽ ገዱ። ከዚያ እንባዋን አዩ። ስለ ልባቸው ሲነገራቸው ያልደነገጡት ሰውዬ ያን ጊዜ ደነገጡ፤ ግድግዳውን ይዘው ተቀመጡ። እኔ በሁለቱ ሽማግሌዎች ተናድጄ፣ በእሷ ኮርቼ፣ በራሴም አፍሬ፣ የማደርገው ቢጠፋኝ ውሃ ላመጣ ወጣሁ።

ጋሽ ገዱ በዚያው ቀን በክሊኒኩ መኪና በዳባትና በኮሶዬ በኩል ጎንደር ተወሰዱ። የኔታ "ሽቦውን ያስያዝሁት እኔ ነኝ" ብለው አብረው ሄዱ። ጋሽ ገዱ ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ተላኩና ደረታቸው ውስጥ ልባቸው ሲዘነጋ የምታነቃ ትንሽ መሣሪያ ገባችላቸው። እኛ ዘንድ ደግሞ ሥራውን ከጎንደር የመጣ ጎረምሳ ያዘው። ልጁ ደህና ነው፤ ግን ማሽኑን ሲነካው ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የትናየት በነርስነቷ እየሠራች የሚቀጥለውን ዙር ትጠብቃለች። ሠርጉም ይጠብቃል።

ባለፈው የገበያ ቀን ጋሽ ገዱን አገኘኋቸው። ስለ ልባቸው ለሰው ማውራቱን ትተዋል፤ አሁን ወሬያቸው ፈተናው ሆኗል። የልጁን መውደቅ ላገኘው ሁሉ እንዲህ የሚያወራ አባት አይቼ አላውቅም። አብሯቸው ስካውት የነበረው ያርጋል አዝኖላቸው "አይዞህ ገዱ፣ በሚቀጥለው ታልፋለች" አላቸው።

ጋሽ ገዱ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። "ምን አይዞህ ትለኛለህ አንተ? የኔ ልጅ እኮ ማለፍ ስትችል ነው የወደቀች!"