የዘነቡ ወረፋ

ባለፈው ሳምንት ላሊበላ ውስጥ ውሃ ጠፍቶ ሰነበተና፣ ዛሬ ቦኖው ይለቀቃል ሲባል ማልጄ ወረድኩ። ጉም ነበር። ቢጫ ጄሪካኖች ተሰልፈው ቆመዋል፤ ባለቤቶቻቸው ግን አንዳቸውም የሉም፣ ሁሉም ሻይ ቤት ገብቷል። የእኔን ከመጨረሻው ኋላ አስቀምጬ ቀና ስል ሰልፉን አይቼ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አብራኝ የወረደችው ጎረቤቴ ደም ግፊቴ የተነሳ መስሏት ስኳር ልታመጣልኝ ሮጠች። ለግፊት ስኳር ማን እንዳዘዘላት እንጃ።

ያስደነገጠኝ ሰው የሌለበት ሰልፍ ነው። እንዲህ ያለውን ከዚህ በፊት አንድ ክረምት አይቻለሁ፤ በደርግ ጊዜ፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ።

ከኩልመስክ ወደ ላሊበላ በሚያመጣው መንገድ ዳር ባለችው መንደራችን አንዲት ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ ነበረች። ሐኪም የምንለው ቁስል የሚያጥበውንና መርፌ የሚወጋውን ድሬሰር ጋሽ መኮንንን ነው፤ እኔ ካርድ አውጪዋ ነበርኩ። የእኛ አገር ብርድ ደጅ አያስቆምም። ስለዚህ በሽተኛው ማልዶ ይመጣና ድንጋይ አኑሮ ከአንዱ ቤት እሳት ይሞቃል፤ ድንጋይ ያኖረ ሰው እንደቆመ ይቆጠራል። የእያንዳንዱን ድንጋይ እናውቀዋለን። በድንበር የተካሰሱ ሰዎች እንኳ አንዱ የሌላውን ድንጋይ አይነካም።

ሐምሌ ላይ ከበላይ ደብዳቤ መጣ። አገር ጦርነት ላይ ስለሆነች በጀት ተቀንሷል፤ ክሊኒኩም ላልተወሰነ ጊዜ ይዘጋል ይላል። ጋሽ መኮንን መድኃኒቱን በሣጥን ሞልቶ በበቅሎ አስጭኖ ሄደ። ታላቅ እህቴ ዘነቡ የሳንባ ነቀርሳ መርፌ ጀምራ ገና ግማሽ አልደረሰችም ነበር። ላሊበላ ለጤነኛም የአንድ ቀን መንገድ ነው፣ ወንዙም ሞልቷል፤ በየቀኑ ለመርፌ አይመላለሱበትም። ጋሽ መኮንን መርፌው ከተቋረጠ እንደማትተርፍ ነግሮኝ ነበር። ሲሰናበተኝ ፊቴን ማየት አቃተው።

አቤቱታውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መንደርተኛው ከአራሹ እስከ ደብተራው አውራ ጣቱን ቀለም እየነከረ አተመበት። መልሱ ቶሎ መጣ፤ ጊዜው የቁጠባ ነው፣ በክሊኒኩ ግቢ ተሰብስቦ የተገኘ ይታሰራል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ይህን አንብቦ ሲጨርስ ቄስ አያሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሰው አይሰብሰብ ተባለ እንጂ ወረፋ አትያዙ አልተባለም» አሉን ኋላ፣ ለብቻችን። «ድንጋያችሁን አኑሩና ወደ እርሻችሁ ሂዱ።»

በማግስቱ ከተቆለፈው በር ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ እስከ መንገዱ ድረስ ድንጋይ ተሰለፈ። የመጀመሪያው የዘነቡ የተሰበረ የወፍጮ መጅ ነው፤ ቀጥሎ የእትዬ ሰዓዳ፣ እሳቸውም ያንኑ በሽታ ታመው መርፌ የጀመሩ ናቸው። በጉሙ ውስጥ ሲታይ ጋቢ ለብሶ ያቀረቀረ ሰው ይመስላል። መንገደኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልፍ ጀመር። እኛንም የሚያስፈራን ነገር መጣ፤ ወረፋው ይሄዳል። በየማለዳው ሁሉም ድንጋይ አንድ ጋት ያህል ወደ በሩ ተጠግቶ እናገኘዋለን። ቄስ አያሌውን ጠየቅን፣ እኔ አልገፋሁም ብለው ማሉ። ሁሉም ማለ።

«ወረፋዬ የት ደረሰ?» ትለኛለች ዘነቡ ከመደቡ ላይ።

«ቀርቧል፣ እትዬ።»

«በሩ ተዘግቶ ማን ይገፋዋል?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ?»

ትስቅና ሳሉ ይይዛታል። ገብስ አጥሚት በማንኪያ አቀምሳታለሁ፤ ጠዋት ጠዋት እየሮጥኩ መጁን አየዋለሁ። የሚገፋው ማንም ይሁን ማን ቶሎ ቶሎ እንዲገፋው ስለት ተሳልኩ።

ፍልሰታ ሲፈታ ዘነቡ ሞተች። በዚያ ጠዋት መጁ ከመዝጊያው ጋር ገጥሞ አገኘነው።

ሣልስቷን ባወጣን ዕለት ከላይ ተቆጣጣሪ ይመጣል ተብሎ ሊቀመንበሩ ድንጋዩን እንዲያነሱ ሚሊሻዎቹን አዘዘ። ፊተኛው የእትዬ ሰዓዳ ልጅ ይመር ነበር። ጠመንጃውን አንግቶ መጁን ሊያነሳ አጎነበሰና ቀና አለ።

«ይች የዘነቡ ናት» አለ። «ወላሂ፣ የሞተ ሰው ወረፋ አልነካም!»

«ድንጋይ እኮ ነው!» አለ ሊቀመንበሩ።

«እንግዲያ አንተ አንሳዋ!»

ሊቀመንበሩም አላነሳትም። መኪናው በዚህ መሃል ደረሰ። ተቆጣጣሪው ወርዶ በጉሙ ውስጥ «እነዚህ ሰዎች ምን ይጠብቃሉ?» ሲል ሰማሁት፤ ሰው መስሎት ነው። ሲጠጋ ድንጋይ መሆኑን አየ። እኛም ሳንጠራራ ከየቤታችን ወጥተን ከየድንጋያችን ኋላ ቆምን። ከበሩ ሲደርስ ወደ መጁ አመለከተ።

«የዚህ ባለቤትስ?»

«እህቴ ናት» አልኩት። «ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ።»

ተመልሶ መኪናው ውስጥ ገባ።

ከመስቀል በኋላ፣ የባቄላ እሸት ሲደርስ፣ ጋሽ መኮንን በሳምንት ሦስት ቀን እንዲሠራ ተፈቅዶለት ተመለሰ። ገና መድረሱ ነውና የነገረው የለም። በሩን ከፍቶ «ዘነቡ!» ብሎ ተጣራ። ማንም ከእሷ ፊት አልገባም። ሁለተኛ ሲጣራ ሰው ሁሉ እኔን አየኝ። «አቤት» ብዬ ገባሁ።

ጠረጴዛው ላይ ስሟ የተጻፈባቸው የመርፌ ብልቃጦች ተደርድረዋል። ጥቁር ልብሴን አይቶ ገባውና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ይህን ምን ላድርገው?» አለኝ።

«ለእትዬ ሰዓዳ ይስጧቸው።»

እትዬ ሰዓዳ ዳኑ። መንደሩ ይህን ሲያወራ መንግሥትን በድንጋይ ወረፋ እንዳሸነፈ አድርጎ ነው፤ ውሸትም አይደለም፣ እኔም ስጠየቅ አሳምሬ አወራዋለሁ። አንዱን ግን ለማንም አልተናገርኩም። እትዬ ሰዓዳ የልጅ ልጅ እስኪያዩ ኖሩ። ገበያ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ጉንጬን እያገላበጡ ይስሙኝና «አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ» ይሉኛል። እኔም እስማቸዋለሁ። እስኪሞቱ ድረስ ግን ጠላኋቸው። ምንም አላጠፉም እኮ፤ ተራቸው ደርሶ ነው።