ያልደረሰው ጫማዬ ተሰረቀ

እሑድ ጠዋት ከቤተ ማርያም አስቀድሼ ስወጣ ጫማዬ የለም...

የምኖረው ላሊበላ ነው። ባለቤቴ «ግማሹን ቀን ጫማ አውልቀን በምንውልበት አገር፣ መቶ እግር ነህ እንዴ እንዲህ የምታግበሰብሰው?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን ስልኬ ላይ «የቀረን ጥቂት ፍሬ ነው፣ ፈጥነው ይዘዙ» የሚል ነገር ካየሁ ጣቴ እኔን ሳያማክር ይጫናል። የስልኩ ማዳመጫ ራሱ ከሞተ ቆይቷል፣ በላውድ ካልሆነ አላወራም። እሱን ማሠራት ትቼ ጫማ አዛለሁ!

ወደ ነገሬ ልመለስ። ደጅ ላይ ጫማ የሚጠብቁልን አያ ሞላ የሚባሉ አዛውንት ናቸው።

«አያ ሞላ፣ ጫማዬስ?»

«ካኖርክበት ይኖራል ልጄዋ። ምን ዓይነት ነበር?»

«ነጭ ነዋ! ሶሉ ወፈር ያለ፣ ጎኑ ላይ ሰማያዊ መስመር ያለው!»

ጎንበስ ብለው ፈለጉ። አንድ ቡኒ ቆዳ ጫማ አነሡ። «ይሄስ?»

«ነጭ ነው እያልኩዎት!»

ሰው ተሰበሰበ። እኔ ደግሞ ሰው ሲሰበሰብ ይብስብኛል። «የቤተ ክርስቲያን ደጅም የማይታመንበት ዘመን መጣ! እርስዎ ታዲያ ምን ሊሠሩ ነው እዚህ የሚቀመጡት?» አልኳቸው... ምነው አፌን በቆረጠው።

አያ ሞላ ቀና አሉ። «አበስኩ ገበርኩ! ላሊበላ ምስክሬ ነው፣ የሰው ጫማ ጠፍቶብኝ አያውቅም» አሉ። አንዷ ሴትዮ «እንግዲህ አርጅተዋል፣ ሌላ ሰው ይተካ» ስትል ሰማሁ። እሳቸውም ሰሙ።

ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? የገዛ ላስቲክ ጫማቸውን አውልቀው እግሬ ሥር አኖሩልኝ።

«ድንጋዩ ይወጋሃል፣ ለጊዜው ይህን አጥልቅ። እኔ ስፈልግልህ እውላለሁ።»

ይኼኔ ስልኬ ጮኸ። አነሣሁት።

«ሃሎ ወንድም! ከአዲስ አበባ የተላከ ዕቃ አለህ፣ መናኸሪያ ነን። ነጭ ጫማ፣ ጎኑ ላይ ሰማያዊ መስመር ያለው... ያንተ ነው አይደል?»

በላውድ! ደጁን የሞላው ሰው ሁሉ ሰማ።

ለካ ተሰረቅኩ ብዬ የምጮኸው ሐሙስ ያዘዝኩትን፣ ገና መንገድ ላይ ያለውን ጫማ ነው! ፎቶውን ሳይ ሳይ ሰንብቼ በዓይኔ ተጫምቼዋለሁ። ጠዋት አድርጌ የመጣሁት ያንኑ ቡኒውን ነው። እሱንም ለፋሲካ እንዲሁ ካልደረሰልኝ ሞቼ እገኛለሁ ብዬ ነበር ያዘዝኩት... አሁን እጃቸው ላይ እያየሁት አላወቅሁትም።

አፈርኩ። በጣም አፈርኩ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ያዝኩ። አያ ሞላ አቧራውን ጠረግ ጠረግ አድርገው ቡኒውን ጫማ ሰጡኝ።

«እኔስ ይቅር ብያለሁ። ግን ሰዉ ሳይበተን፣ ጫማህ እንዳልጠፋ ጮክ ብለህ ተናገርልኝ» አሉ።

ምን አማራጭ አለኝ? «ጫማዬ አልጠፋም! አያ ሞላ ምንም አላጠፉም፣ ጥፋቱ የኔ ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

ባለቤቴ በሴቶች በር ስትወጣ ደረሰች። «የትኛው ጫማህ?» አለችኝ። ሰዉ ያን ጊዜ ነው በሳቅ የፈረሰው።

ነጩን እስካሁን ከመናኸሪያ አላመጣሁትም። ስልኬ «ፈጥነው ይዘዙ» ባለኝ ቁጥር ግን አስቀድሜ ጎንበስ ብዬ እግሬን እቆጥራለሁ... ሁለት ነው።