የድንች ሻጯ ካርድ

እናቴ ያሳደገችኝ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ በር ላይ በቆሎ እሸት እየጠበሰች ነው። ከጎኗ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ የምትሸጥ ወዳጇ ትቀመጥ ነበር። ከደጀን የሚመጣው አውቶቡስ ሲገባ ሁለቱም እኩል ይሮጣሉ፤ ተሳፋሪው ግን መጀመሪያ የሚጠራው ድንች ሻጯን ነው። ልጅ ሆኜ ይህ ያንገበግበኝ ነበር።

አሁን መምህር ነኝ። እናቴ አርጅታ ከቤት መዋል ጀምራለች፤ ወዳጇ ካረፈች ቆይታለች። ዘንድሮ አንድ የከተማችን ሠዓሊ የድሮ የመንገድ ዳር ምግብ ሻጮችን በትንንሽ ካርዶች ሥሎ አሳተመ። ተማሪዎቼም ከደብተር መሸጫው እየገዙ ይለዋወጡ ጀመር። ቆሎ ሻጩ አለ፣ ንፍሮ ሻጯ አለች፣ ድንች ሻጯም ሳህኗን ወደ አውቶቡሱ መስኮት ዘርግታ አለች። እናቴን ፈለግኳት፤ የለችም።

ሠዓሊውን አፈላልጌ አገኘሁትና፣ «በቆሎ ጠባሿን ለምን ተውካት?» አልኩት።

«በቆሎ ጠባሽማ ሞልቶ ነበር» አለኝ። «የድንች ሻጯ ድምፅ ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።»

ደብተር መሸጫው ሄጄ የድንች ሻጯን ካርድ አንድም ሳላስቀር ገዛሁ፤ ማንም እንዳያያት ብዬ።

«ለተማሪዎችሽ ሽልማት ነው?» አለኝ ባለሱቁ።

«አዎ» ብዬ ዋሸሁ። ቤት ወስጄም ከልብሶቼ ሥር ደበቅኳቸው።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እናቴ ካርዶቹን አልጋዋ ላይ ደርድራ አገኘኋት። ነጠላዋን ስትፈልግ ነው ያየቻቸው።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ለእኔ ብለሽ ነው የሰበሰብሽው?» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አንቺን ወልጄ የተኛሁ ጊዜ በእኔ ከሰል ላይ በቆሎዬን እየጠበሰች ደንበኞቼን ያቆየችልኝ እሷ ናት።»

እፍረት ያዘኝ። ቅናቴ ግን አልለቀቀኝም። «አንቺ ግን የለሽበትም» አልኳት።

«እኔማ ይኸው አለሁ። ለእሷ ይሁንላት!»

እሑድ ማኅበርተኞቿ ቤታችን ሲሰበሰቡ ካርዶቹን አንድ በአንድ አደለቻቸው። ሴቶቹ የሟቿን ቀልድ እያነሡ ሣቁ፣ አንዷማ አጠራሯን አስመስላ ጮኸች። እናቴ ከሁሉም በላይ ሣቀች። እኔ ጠላ እየቀዳሁ፣ አንዲቷ እንኳ ስለ በቆሎው ታነሣ እንደሆነ ጆሮዬን ጥዬ ጠበቅኩ። ያነሣች የለችም።

እናቴ ደስ ብሏት ሰነበተች። እኔ ግን ሠዓሊውን መንገድ ላይ ሳገኘው እስከ ዛሬ ሰላም የምለው በግድ ነው።