ሾርባዬን የጠጣው ሰው

ይህ የደረሰብኝ አምና ክረምት፣ ደብረ ታቦር ውስጥ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልጠፋው፣ አስቤና ተዘጋጅቼ ሰው ያስለቀስኩት ያኔ ብቻ ስለሆነ ነው።

ጨጓራ ያመኛል። በርበሬ የነካው ወጥ ስበላ ሆዴ ይቃጠላል። ሐኪሙ ለስላሳ ነገር ብዪ ስላለኝ ምሳዬን ከቤት መያዝ ጀመርኩ። ከራት የተረፈውን ቅቅል ድንች፣ ካሮት፣ ዱባ፣ አንዳንዴም አልጫ ምስር ወይም ቅንጬ ጠዋት በውሃ አፈላና በጁስ መፍጫ እፈጨዋለሁ። ጨውና ትንሽ ነጭ ሽንኩርት ጣል አድርጌ በፔርሙስ እይዘዋለሁ። የከተማችን የክረምት ብርድ አጥንት ውስጥ ነው የሚገባው። ያን ትኩስ ሾርባ ከጠጣሁ እስከ ማታ አይርበኝም። ሆዴም ዝም አለልኝ።

ችግሩ ጌትነት ነበር። ፊት ለፊቴ የሚቀመጥ የሥራ ባልደረባዬ ነው። መጀመሪያ ቀን ፔርሙሱን ስከፍት አይቶ፣ "ምንድን ነው ይሄ? የዕቃ እጣቢ ነው እንዴ?" አለኝ። እኔም ሳቅኩ። በማግስቱም ደገመው። ሳምንት ሳይሞላ ስሜ ቀርቶ "እጣቢ" ሆንኩ።

አንድ ቀን ከባሕር ዳር እንግዶች መጥተው ነበር። ኃላፊያችን "ምሳ የት እንውሰዳቸው?" ሲል፣ ጌትነት በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመና "እጣቢ እያለችልን ምን ያሳስበናል?" አለ። እንግዶቹ ሳይቀሩ ሳቁ፤ በምን እንደሚስቁ እንኳ አያውቁም። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ብዙም ሳይቆይ ሾርባዬ መጉደል ጀመረ። አምስት ሰዓት አካባቢ ደብዳቤ ለማስፈረም ወጥቼ ስመለስ ክዳኑ ላልቶ አገኘዋለሁ። አንድ ቀን ሩቡ የለም፣ ሌላ ቀን ግማሹ። ሌላ የምበላው ነገር ስለሌለኝ እየራበኝ መዋል ጀመርኩ። ሕመሜም ተነሳብኝ።

ቢሮውን የሚያጸዱት እትየ ጥሩወርቅ የሚባሉ ትልቅ ሴት ናቸው። በዚያ ሰዓት ሲገቡ ሲወጡ የማየው እሳቸውን ስለሆነ፣ አንድ ቀን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት "እትየ፣ ከራበዎት ለምን አይነግሩኝም?" አልኳቸው።

መወልወያቸው ከእጃቸው ወደቀ። "እኔ? እኔ ያንቺን ምሳ?" አሉ።

ጌትነት ከወንበሩ ላይ ሆኖ፣ "ኧረ እትየ፣ እጣቢም ይሰረቃል እንዴ?" አለና ሳቀ።

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ወጡ። በኋላ ኮሪደር ላይ ጠብቀው ያዙኝ። "በልጆቼ እምላለሁ፣ አልነካሁብሽም። ሰው ማሳጣት ስለማልወድ ነው እንጂ የሚጠጣውን አውቀዋለሁ። ያ የሳቀው ነው። አንቺ ስትወጪ እየቀዳ ይጠጣል፤ በዓይኔ አይቻለሁ" አሉኝ።

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ያን ቀን ባጃጅ ይዤ ወደ ቤት ስሄድ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

በማግስቱ የዱባ ሾርባ ሠራሁ። ዱባ የመረጥኩት መልኩ ስለሚደብቅልኝ ነው። ሦስት ማንኪያ ሙሉ ሚጥሚጣ ጨመርኩበት፤ ሽታው እንዳያስታውቅ ነጭ ሽንኩርቱን አበዛሁ። እንዲልም ሁለት ጊዜ ፈጨሁት። ስፈጨው ዓይኔ እያለቀሰ እኔ እስቅ ነበር። የራሴን ምሳ በሌላ ዕቃ ይዤ ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅኩ።

አምስት ሰዓት ሲሆን ደብዳቤዬን ይዤ ወጣሁና ከበሩ ጀርባ ቆምኩ። መጀመሪያ ሳል ሰማሁ። ቀጥሎ ወንበር ወደቀ። ስገባ ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ አፉን ከፍቶ ያለከልካል። የፔርሙሴ ክዳን ከእጁ አልወጣም። ከየክፍሉ ሰው ተሰብስቦ ያየዋል። እትየ ጥሩወርቅም መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል።

"ውሃ! ውሃ ስጪኝ!" አለኝ።

"መጀመሪያ እትየን ይቅርታ ጠይቅ" አልኩት።

እንባው እየወረደ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጠየቀ። እኔም ውሃውን ላመጣ ሄድኩ። አልሮጥኩም።

ሁለት ቀን ከሥራ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ሚስቱ መጣች። "ሆዱን ታሞ ተኝቷል፤ ምን እንደበላ አልናገርም አለኝ" አለች። ሚጥሚጣውን ሳልደብቅ ሁሉንም ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"እሱም እኮ ጨጓራ አለበት" አለች። "ሾርባ ብሠራለት 'የሕፃን ምግብ ይዤ ሰው ፊት ልቀመጥ ነው?' ብሎ ገፍቶ መለሰልኝ።"

የጨጓራ ሕመምተኛ ሚጥሚጣ ሲጠጣ ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አንድ ነገር ሆኖ ቢሆንስ ብዬ ደነገጥኩ። ግን የእንግዶቹ ሳቅ ትዝ ሲለኝ ድንጋጤው ለቀቀኝ። ለሚስቱ ሾርባዬን እንዴት እንደምሠራው ነግሬ ሸኘኋት።

ሰኞ ጌትነት የራሱን ሾርባ ይዞ መጣ። አሁን ሁልጊዜ ፊት ለፊቴ አንገቱን ደፍቶ ይጠጣል። እኔም ሥራዬን አቁሜ እስኪጨርስ አየዋለሁ። ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም። ይቅርታ አልጠየቅኩትም፣ አልጠይቀውምም።

ሰላም የነሳኝ የእትየ ጥሩወርቅ ነገር ነው። እግራቸው ላይ ወድቄ ለምኛቸዋለሁ፤ እሳቸውም አንስተው ስመውኛል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ እኔ በሌለሁበት ወደ ክፍላችን አይገቡም። ጠዋት ስመጣ መወልወያቸውን ይዘው ኮሪደሩ ላይ ቆመው አገኛቸዋለሁ። "ይግቡ እንጂ እትየ፣ ምን ያቆመዎታል?" ስላቸው፣ "ግድ የለም ልጄ፣ አንቺው ቅደሚ" ይሉኛል።