ከነጌሌ እስከ ፊልቱ በሚዘል ካቴና

ንጋት፣ ነጌሌ

ከነጌሌ ስወጣ ገና ወገግ እያለ ነው። ከጦር ሰፈሩ የማለዳው ጥሩንባ ይሰማል፤ እኔም ብስክሌቴ ላይ ሆኜ አፏጫለሁ። በዚህ በደርግ ጊዜ ያለ ይለፍ ከከተማ ንቅንቅ የለምና የቀበሌው መሸኛ በደረት ኪሴ አለ። ከኋላዬ አንድ ኮዳ ውሃ፣ ተምር፣ ፒንሳና ካቻቪቴ አስሬያለሁ።

ፊልቱ ምን አለኝ? ጽጌ አለች። ነርስ ናት። ነጌሌ ጤና ጣቢያ ሳለች ተዋወቅን፤ ወደ ፊልቱ ከተዛወረች ወዲህ ደብዳቤ እጽፍላታለሁ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ተማሪዎቼ፣ ስለ ሁሉም ነገር ጽፌያለሁ፤ ዋናዋን ነገር ግን አንድም ቀን አልጻፍኳትም። ትናንት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ «ጽጌ እንደገና ተዛወረች፤ ነገ ፀሐይ በረድ ስትል በወታደር መኪና ትሄዳለች» አለኝ። ወደዚያ የሚሄድ መኪና ጠፋ። ባለ አምስት ማርሽ ብስክሌቴ ግን ቤቴ በር ላይ ቆማለች።

ሁለት ሰዓት፣ ኬላ

ወታደሩ መሸኛዬን አየ፤ ብስክሌቷን አየ፤ እኔን አየ።

«ወዴት ነው መምህር?»

«ፊልቱ።»

«በዚች?! ለሥራ ነው?»

«ለጋብቻ።»

«ልጅቷ ታውቃለች?»

«ገና አልነገርኳትም!»

እየሳቀ ገመዱን ከፍ አደረገልኝ።

ከኬላው በኋላ ዳገት አለ። ገና ጠንከር አድርጌ ስረግጥ ቋ! ካቴናው ዘለለ፤ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ከዳኝና ጉልበቴ ከመሪው ተላተመ። ጥቂት ሄድኩ፤ እንደገና ቋ! «የማርሹ ሽቦ ላልቷል» ብዬ ፈረድኩ፤ ወርጄ አጠበቅሁት። ባሰበት። አሁን ይዘላልም፣ ይንኳኳልም። ዳገቱን ሁሉ እየገፋሁ በእግሬ ወጣሁት። ፀሐይዋ ደግሞ እኔን አትጠብቅም።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ስድስት የቆርቆሮ ቤቶች

ቀይ አፈር፣ ግራር፣ ከሰው የሚረዝም ኩይሳ፤ ከዚያ በመንገዱ ዳር ስድስት ቤቶች። በአንደኛው ሱቅ በረንዳ ላይ አንዲት ጎልማሳ ሴት በስፌት መኪና ሽርጥ ይሰፋሉ። ወይዘሮ ሐሊማ ይባላሉ።

«አካም! ናጋ?» ብለው በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠየቁኝ።

«እኔ ናጋ ነኝ፤ ብስክሌቴ ናት የታመመችው። የማርሹ ሽቦ ነው።»

«አጠበቅከው?»

«አዎ።»

«ተሻላት?»

«ባሰባት እንጂ!» ስፌቱን ትተው ተነሡ። ባላቸው በብስክሌት ዕቃ ሲያመላልስ ካቴናውን የሚጠግኑት እሳቸው ነበሩ።

«በየስንት ዙር ነው የሚዘለው?»

«እንጃ።»

«እንግዲያው ንዳና ቁጠር!»

ከሱቃቸው በር እስከ ግራሩ እየተመላለስኩ ፔዳል ቆጠርኩ። «በየሁለት ዙር ተኩል ነው! አንዴ በቀኝ እግሬ፣ አንዴ በግራ!» ብዬ ጮኽኩ።

«በል ሽቦውን ተወው» አሉ። «ሽቦ ቢሆን እንዳሻው ይዘል ነበር። ካቴናው ዞሮ እስኪመለስ ሁለት ዙር ተኩል ይፈጃል። ከካቴናው ቀለበቶች አንዱ፣ አንዱ ዓይን ታሟል።»

ብስክሌቷን ገለበጥናት። ፔዳሉን ወደ ኋላ ቀስ እያልኩ ሳዞር እሳቸው ካቴናው ከኋላ የሚያልፍባቸውን ትንንሽ ጥርሳም መዘውሮች አፍጥጠው ያያሉ።

«ቁም! ኩኖ!»

እውነትም ይኸው! ሌሎቹ ሲዘረጉ አንዷ ዓይን በዝገት ደርቃ እንደ ታጠፈ ጣት ቀርታለች። ነጭ ጋዝ ጠብ አደረጉባት፤ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጎን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አወዛወዟት። ለቀቀች! የስፌት መኪና ዘይት አጠጧት። እኔ ያጠበቅኩትን ሽቦም ወደ ቦታው መለሱት።

ነዳሁ። ቆሜ ረገጥኩ። ጸጥ! ደስታዬ ጩኸት ሆኖ ሲወጣ መንገድ ዳር የሚግጡ ፍየሎች ተበተኑ።

«እንዲህ የሚያስቸኩልህ ምንድን ነው?» አሉኝ፣ የግመል ወተት እየሰጡኝ። ነገርኳቸው። ጣሳውን ከእጄ ነጠቁኝ።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ ልጄ? ዴሚ! ሂድ እንጂ!»

አሥር ሰዓት ተኩል፣ ፊልቱ

የቀረውን መንገድ በረርኩት ማለት ይቀለኛል። ጅግራዎች ከፊቴ ይሮጣሉ፤ ግመሎች አንገታቸውን አዙረው ያዩኛል፤ ቁልቁለቱ ላይ ሁለት እግሬን ዘርግቼ እዘፍናለሁ።

የወታደር መኪናው ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሟል። የወታደር ሚስቶች ጓዝ ያቀብላሉ። ጽጌ አንድ እግሯን መወጣጫው ላይ አድርጋ አየችኝ። ላወራ አፌን ከፈትኩ፤ ትንፋሽ የለም። ከራሴ እስከ እግሬ ቀይ አፈር ነኝ።

«ምን ሆነህ ነው? ና እዚህ!» ብላ ወረደች። እጄን ይዛ የልብ ምቴን መቁጠር ጀመረች፣ ዓይኗ ሰዓቷ ላይ ነው።

«ጽጌ» አልኩ።

«ዝም በል፣ እየቆጠርኩ ነው።»

«አግቢኝ።»

ከንፈሯ መንቀሳቀሱን አቆመ። ሴቶቹም ጓዝ ማቀበሉን አቆሙ።

«ቁጥሩ ጠፋብኝ» አለች። እጄን ግን አልለቀቀችም። ወደ ሹፌሩ ዞራ፣ «ወንድሜ፣ ያቺን ሰማያዊ ሻንጣዬን አውርድልኝ» አለችው።