ለቆሻሻ መኪና ቁጥር ያስጻፈችው ሲቲ

ሲቲ ጀብሪል የመርሳ ሽንኩርት አምራች ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከከተማው በታች ያለውን ማሳዋን በቦይ ውሃ እያጠጣች አራት ልጆች አሳድጋለች።

በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ጦርነቱ ከመርሳ ሲርቅ፣ ከተጠለለችበት የዘመዶቿ መንደር ተመለሰች። ከተማው በተሰበረ መስታወትና በተቃጠለ ዕቃ ተሞልቶ ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ የቆሻሻ መኪና ስለተወሰደ፣ ቆሻሻውን በክፍያ የሚያነሱት የግል አይሱዙዎችና ጋሪዎች ነበሩ። የት እንደሚደፉት ግን የሚጠይቃቸው አልነበረም።

ጥር ላይ ሲቲ ማሳዋን ልታጠጣ ቦዩን ብትከፍት ውሃው አልመጣ አለ። ጎረቤቷን አስካለን ይዛ ወደ ላይ ወጣች። ቦዩ ከወንዙ የሚነሳበት አፍ በፍርስራሽ፣ በጠርሙስና ከተዘረፈ ክሊኒክ በወጣ መርፌ ተደፍኗል። ሊጠርጉት ሲሞክሩ የጠርሙስ ስብርባሪ አስካለን እግሯን ክፉኛ ቆረጣት። ሲቲ በነጠላዋ አስራ፣ ደግፋ ወደ ሐኪም ወሰደቻት። ከዚያ በቀጥታ ማዘጋጃ ቤት ገባች።

የጽዳት ኃላፊው ያሬድ በር በሌለው ቢሮ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«እትየ ሲቲ፣ መዝገቡ ሁሉ ተቃጥሏል። ማን የት እንደሚደፋ የማውቅበት መንገድ የለኝም። ጦርነቱም ገና አላለቀም» አላት።

«እኔ አሳይሃለሁ። አንተ ብቻ ነገ ጠዋት ወንዙ ዳር ና።»

በማግስቱ ሰባት ሴቶች ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ሀይሉ የሚባል ሾፌር በአይሱዙው ቆሻሻ ጭኖ መጣና ጥሩምባውን አምባረቀው።

«ኧረ ተነሡ፣ ሥራ አለብኝ!»

«ከታች ከብት ይጠጣል፤ መርሳ የሚበላው ሽንኩርትም በዚሁ ውሃ ነው የሚበቅለው» አለችው ሲቲ። «አንተ ሽንኩርት ከየት ነው የምትገዛው?»

ሀይሉ ሊስቅ ሲል እግሯን በፋሻ ጠቅልላ መሀል መንገድ የተቀመጠችውን አስካለን አየ። ሞተሩን አጠፋና ወረደ።

«እትየ፣ ሌላ ቦታ ያሳየኝ የለም እኮ። ከከተማ አውጣልን ብቻ ነው የተባልኩት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሲቲ ጥግ ቆሞ ወደሚያዳምጠው ያሬድ ዞረች። «ሰማህ?»

ያሬድ ሰምቷል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው መንገድ፣ ከውሃ የራቀ አሮጌ የድንጋይ ካባ ለቆሻሻ ተለየ። እያንዳንዱ መኪናና ጋሪ ተመዝግቦ ቁጥር ተጻፈበት፤ ቁጥር አንድ የሀይሉ መኪና ሆነ። ካባው ላይ ያለው ጥበቃ ቆሻሻውን እዚያ ለደፋ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰጣል፤ ወረቀቱን ላላሳየ ማንም እንዳይከፍል ተወሰነ። አንድ ባለጋሪ አልመዘገብም ብሎ ተኩራርቶ ነበር። ሆኖም ሱቆቹ ሁሉ ወረቀት ሲጠይቁት ጊዜ በሦስተኛው ቀን ራሱ መጥቶ ተሰለፈ።

የቀረው ቦዩ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሾፌሮቹና ባለጋሪዎቹ አካፋ ይዘው ወረዱ። ሀይሉ ጓንት አጥልቆ መርፌውን ለብቻው ለቀመ፤ ሌሎቹ ፍርስራሹን ጫኑ። ቀትር ላይ ውሃው መጀመሪያ ደፍርሶ፣ ቀጥሎ ጠርቶ ወረደ።

«አልሀምዱሊላህ!» አለች ሲቲ።

አስካለ በምርኩዟ ቆማ እልልታውን አቀለጠችው፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። ሲቲ ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብስባ ቦዩ ውስጥ ገባች፤ ውሃውንም እየመራች እስከ ማሳዋ ጫፍ አደረሰችው።